መጠበቅ የማይችለው ማን ነው?

ከእናንተ መካከል በቤተ ክርስቲያን የሥነ ጽሑፍና የድራማ ክፍል ያገለገለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ገና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ሰው፣ "ዘንድሮ ምን እናቅርብ?" ብሎ ይጠይቃል። ጽሑፉ በአንድ ሌሊት ይጻፋል። ልምምዱ ከመዘምራን ልምምድ ጋር ይጋጫል። ዮሴፍን የሚሠራው ልጅ ፈተና አለብኝ ይላል፤ የእረኞቹ ልብስ በዋዜማው ከጎረቤት ይለመናል። ደግነቱ ተመልካቹ የገዛ ልጆቹን ሊያይ የመጣ ስለሆነ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ሁሉም በሰላም ያልፋል።

እኔ የምጽፍላችሁ እንደዚያ ሊያልፍ ስለማይችል ሥራ ነው። አንድ አነስተኛ የከተማ የቴአትር ቡድን ዓመቱን ሙሉ ምን እንደሚያቀርብ፣ መቼና በማን እንደሚያቀርብ አስቀድሞ እንዴት እንደሚወስን ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ቡድናችን ሐዋሳ ውስጥ ነው። 14 ሰዎች ነን። የቤተ ክርስቲያን ቡድን አይደለም፤ ወንጌላውያን አለን፣ ኦርቶዶክሶች አሉ፣ ሙስሊሞችም አሉ። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም። አናጺ አለን፣ የባጃጅ ሹፌር አለን፣ ተማሪዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጡ መምህር አሉን። እኔ አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። የቡድኑ ጸሐፊ የሆንኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተውኔቱ ሁሉ የሚተየበው እኔ ጋ ነዋ።

ዕቅድ ሲባል የመሥሪያ ቤት ቅጽ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ዕቅድ ማለት የአዳራሽ ጉዳይ ነው። በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ከተጀመረ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "የአውሬዎች ኮሜዲያ"ን ለመድረክ ያበቁት በ1910ዎቹ ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። እነዚህ ቤቶች የራሳቸው መድረክና በቋሚነት የተቀጠሩ ባለሙያዎች አሏቸው። አንድ ተውኔት ተመልካች እስካገኘ ድረስ በየሳምንቱ በተቆረጠለት ቀን ለወራት ይታያል። እኛ ግን የምንጠቀመው የወጣት ማዕከሉን አዳራሽ ነው። 200 የፕላስቲክ ወንበር ይይዛል። ሁለት ቀን አሳይተን ቁልፉን እናስረክባለን። የሦስት ወር ድካማችን በሁለት ምሽት ያልቃል። እነዚያ ሁለት ምሽቶች በተሳሳተ ቀን ላይ ከዋሉ የምንመልሳቸው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ስለዚህ ሥራችን የሚጀምረው ከተውኔቱ ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያው ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉትን ሳምንታት እንጽፍና መሰረዝ እንጀምራለን። የ2017ን ዓመት እንዴት እንደሰረዝነው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ክረምቱ ተሰረዘ። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲወርድ አይደለም ተዋናዩ፣ ድምፅ ማጉያውም አይሰማም። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ማንበቢያና መጻፊያ እንጂ ማሳያ አይሆኑም። ቀጥሎ ታኅሣሥ 19 ተሰረዘ። በዚያ ቀን ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ሰው ሐዋሳን ያጥለቀልቃታል፤ አልጋ አይገኝም፣ መንገድ አይገኝም፣ ባጃጅም አይገኝም። ከጥምቀት በኋላ ያሉት የጥር ቅዳሜና እሁዶችም ተሰረዙ፤ ወሩ የሰርግ ወር ስለሆነ አዳራሹ ለሙሽሮች ይከራያል። ማዕከሉም ገቢ ይፈልጋልና አንፈርድበትም።

የካቲትና መጋቢት ላይ ስንደርስ ነገሩ ተወሳሰበ። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ይገባ ነበር፤ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። ጥናታችን ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። (እኛ ቴአትረኞች ልምምድን ጥናት እንለዋለን።) በረመዳን ይህ ሰዓት የማፍጠሪያ ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ የጾመን ወንድም በዚያች ሰዓት፣ "እንደገና ከመጀመሪያው!" ማለት ደግ አይደለም፤ ሥራም አይወጣውም። የፍቼ ጨምበላላን ቀን ደግሞ የሲዳማ አያንቶዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው የሚያሳውቁት ስለሆነ ከስድስት ወር በፊት በእስክሪብቶ መጻፍ አይቻልም። በእርሳስ እንጽፈዋለን።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ እዚያው ነበር። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም፤ ስለዚህ አዳራሹ ባዶ ነው። ማሳያ ባይሆነን ማጥኛ ይሆነናል። ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜና እሁዱን ሙሽሮች ይወስዱታል፤ ነገር ግን በ2017 ሚያዝያ 23፣ የሠራተኞች ቀን፣ ሐሙስ ይውል ነበር። ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች ቀን፣ ሰኞ ይውል ነበር። ሁለቱም ሥራ የሌለባቸው፣ ሁለቱም ለሰርግ የማይፈለጉ ቀናት ናቸው። ይህን ያገኘው የባጃጅ ሹፌራችን ነው። አግኝቶም እንደ ወርቅ ከበባቸው።

ወረቀቱ ተሰርዞ ሲያበቃ እውነተኛው ዓመት ታየ። አራት ተውኔት እናሳያለን ብለን ነበር የገባነው። የቀረልን ሁለት ማሳያ ጊዜ ነበር፤ አንዱ ኅዳር መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ሚያዝያ መጨረሻ። በመካከሉ ጥር ላይ በአንድ የሥራ ቀን ምሽት አጫጭር ጭውውቶችን በነጻ ማቅረብ ይቻል ነበር። በቃ።

እናንተ ዘንድም እንዲህ ነው። የኮንፈረንሱ ቀን፣ የመዘምራኑ ጉዞ፣ የተማሪዎቹ ፈተና፣ የክረምቱ ዝናብ ተሰርዞ ሲያልቅ የሚቀረው ጊዜ ከጠበቃችሁት ያንሳል። አይክፋችሁ። ጥቂት መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በጥቂቱ ይጠነቀቃል።

አሁን ተውኔቶቹ መጡ። ሐሳብ አልጠፋም። አንዱ፣ "የመንግሥቱ ለማን 'ያላቻ ጋብቻ' እንሥራ፤ ሰዉ ይስቅልናል" አለ። ሌላው ሼክስፒር አለ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን "ሐምሌት"ን። ሁለቱም ግሩም ሐሳብ ነው። ነገር ግን የሌላ ሰው ሥራ ያለ ፈቃድ አይሠራም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ነው። ሼክስፒር ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አማርኛው ግን የጸጋዬ ነው፤ ጸጋዬ ያረፈው በ1998 ነው። ስለዚህ ወራሾችን ፈልጎ ማግኘት፣ መጻፍ፣ መልስ መጠበቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ነገር በሁለት ሳምንት ልጨርስ የሚል ሰው መብቱን ወደ መስረቅ ይሄዳል። ስለዚህ "ያላቻ ጋብቻ" ወደ 2018 ተላለፈ፣ ፈቃዱን የሚጠይቅ ሰውም ተመደበ። ሼክስፒር ደግሞ 400 ዓመት ጠብቋል፤ አንድ ዓመት ቢጨመርበት አይቀየምም።

ይህን ለቀልድ ብዬ ነበር የተናገርኩት። ስናገረው ግን የዕቅዱ ቁልፍ እጃችን ውስጥ እንደገባ ታወቀኝ። "የትኛው ተውኔት ይበልጣል?" ብለን ስንከራከር ሰዓቱ ይሄዳል፤ ሁሉም የሚወደውን ያውቃልና አይስማማም። "መጠበቅ የሚችለው የቱ ነው? የማይችለውስ?" ስንል ግን እያንዳንዱ ነገር ራሱ ቦታውን ይነግረናል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪያችን መጠበቅ አይችልም። የመልቀቂያ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ የሚመደብበት ከተማ አይታወቅም። ይህ ልጅ መድረክ ላይ የሚወጣ ከሆነ ኅዳር ላይ ነው፤ ከመጋቢት በኋላ መጽሐፉን ይያዝ። በፋብሪካ የምትሠራው እህታችን ጉዳይ ከዚህ ይከብድ ነበር። አንድ ሳምንት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ትሠራለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከ8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት። ጥናታችን ማታ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ አንዱ ያመልጣታል። ሦስት ዓመት አብራን ስትሠራ የደረሷት የአገልጋይ፣ የጎረቤት፣ የአልቃሽ ገጸ ባሕርያት ናቸው። ችሎታ አንሷት አይደለም። ዋና ገጸ ባሕርይ በየቀኑ ይፈለጋልና ሰዓቱ አይፈቅድላትም ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህችን እህት ማንም "አንቺ አትችይም" ብሏት አያውቅም። ያስቀራት ሰው ሳይሆን የጥናት ሰዓት ነው። ማን መድረክ ላይ እንደሚወጣ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በፈተና ሳይሆን እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ነው። ለሚያዝያው ተውኔት፣ ራሳችን በኅብረት ለምንጽፈው ኮሜዲ፣ እሷን ዋና ተዋናይ ብለን መጀመሪያ ጻፍንና ሰዓቱን በእሷ ዙሪያ ሠራነው። የእሷ ትዕይንቶች ንጋት በምትገባባቸው ሳምንታት ይጠናሉ፤ ሌሎቹ በሌሎቹ ሳምንታት። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ጥናቱን ወደ ቅዳሜ ጠዋትና ወደ እሁድ ከሰዓት አዛወርነው። ስድስቱ ሰዓት አልጎደለም።

ስለ ስድስቱ ሰዓት ላስረዳ። እኛ በልምድ ለአንድ ደቂቃ የመድረክ ጊዜ አንድ ሰዓት ጥናት እንይዛለን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ይሆናል። የ70 ደቂቃ ተውኔት 70 ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህም ወደ 12 ሳምንት ነው። ኅዳር 7 እና 8 ለማሳየት ነሐሴ 12 መጀመር አለብን ማለት ነው። የበዓላቱ ቀን ሲቀነስ የሚተርፍ ቀን የለም።

ለኅዳር የታሰበው የጋሼ ተውኔት ነበር። ጋሼ የምላችሁ ጡረተኛውን መምህር ነው። ተውኔታቸው ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነው፤ ከአባታቸው የወረሱትን አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ለሁለት ሊከፍሉ ይሞክራሉ፤ በሩ ለማን ይድረስ? ሰባት ሰው ይሠራበታል፤ መድረኩ ላይ የሚያስፈልገውም አንድ በር ነው። ለኪሳችንም ለአቅማችንም የሚስማማ ጽሑፍ ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ ግን አንድ የእርዳታ ድርጅት ሰው ላከብን። በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ውጭ ስለሚሰደዱ ወጣቶች የ40 ደቂቃ ድራማ ሠርተን ከጥቅምት ጀምሮ በስድስት ቀበሌዎች እንድናሳይ ፈለጉ። ክፍያው 90,000 ብር ነበር። እንዲህ ያለ ብር አንድ ላይ አይተን አናውቅም። የበጀት ዓመታቸው በፈረንጆች ዲሴምበር መጨረሻ ስለሚዘጋ ግን ሥራው እስከ ታኅሣሥ 22 ማለቅ ነበረበት። ወደ የካቲት ይዛወርልን ብለን ጠየቅን፤ አልተቻለም። የ40 ደቂቃው ድራማ ሰባት ሳምንት ጥናት ይፈልጋል፤ ሰባቱም ሳምንታት የጋሼ ተውኔት ላይ ይወድቃሉ። 14 ሰው ደግሞ በአንድ ምሽት ሁለት ቦታ አይገኝም።

ነሐሴ 5 ቀን 2016፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ለመወሰን ተሰበሰብን። ገንዘብ ያዣችን መጀመሪያ ተናገረ፤ በደንብም ተናገረ። በየዓመቱ መብራትና ድምፅ ማጉያ እንከራያለን፤ በዚህ ብር የራሳችንን እንገዛለን አለ። ቀጥሎ የተናገረው ሁላችንንም ዝም አሰኘን። "መጠበቅ የማይችለው ማን ነው እያላችሁ አይደል? ዛሬ ማታ ከዚህ ከተማ ተነሥቶ በደላላ እጅ የሚሄድ ልጅ ይኖራል። እሱ መጠበቅ ይችላል?"

ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ የለም። እኔም አላገኘሁም።

ከዚያ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። "የእኔ ይቆይ" አሉ። "ልጆቼ፣ ይህ ተውኔት መሳቢያ ውስጥ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ቢሆን ምን ይጎዳል? ብሩን ተቀበሉ።"

አንዳንዶቹ እፎይ ሲሉ አየሁ። እኔ ግን አንድ የማውቀው ነገር ነበር። ጋሼ ጽሑፋቸውን ለማስተየብ መጀመሪያ ሲመጡ በተለመደው በ12 ቁጥር ፊደል ነበር የጻፍኩላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ "ልጄ፣ ደቀቀብኝ፤ ከፍ አድርጊልኝ" አሉኝ። 16 አደረግሁት። ከዚያ 20። በዚያ ሐምሌ የመጨረሻውን ቅጂ በ28 ነበር ያተምኩላቸው፤ አንድ ገጽ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ይገባ ነበር። የዓይን ግፊት፣ ሐኪሞች ግላኮማ የሚሉት፣ ይዟቸዋል። የጠፋው እይታ እንደማይመለስ፣ መድኃኒቱ የቀረውን ለማቆየት ብቻ እንደሆነ ሐኪም ነግሯቸዋል። ይህን የነገሩኝ ሱቄ ውስጥ ነው፤ የእሳቸው ጉዳይ እንጂ የእኔ አይደለም።

ስለዚህ እዚያው፣ "ጋሼ፣ ስለ ፊደሉ ልንገራቸው?" አልኳቸው።

ትንሽ ቆዩ። ከዚያም፣ "ንገሪያቸው" አሉ።

ነገርኳቸው።

ከዚያ ቀን የያዝኩትን ነገር ላካፍላችሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ለእሱ ነው። መጠበቅ የማይችሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ "እኔ እጠብቃለሁ" የሚሉት ራሳቸው ናቸው። መጠበቅ የሚችለው ሰው ይጮኻል፣ ይከራከራል፣ ተራዬ ነው ይላል። ጊዜ የሌለው ሰው ግን ሸክም መሆን ስለማይፈልግ ከሰልፉ ይወጣል። ስለዚህ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው የተነገረውን ብቻ ቢሰማ ይስታል። ሰዎቹን ማወቅ አለበት፤ ማን በየትኛው ፈረቃ እንደሚሠራ፣ የማን ፊደል እየተለቀ እንደሄደ።

የስደቱ ጉዳይስ? ሁለተኛ ጥያቄ የጠየቀችው የፋብሪካዋ እህታችን ናት። "ይህ ድራማ እኛ ካልሠራነው አይሠራም?" አለች። ይሠራል። በከተማው ሌሎች የቴአትር ቡድኖች አሉ። የጋሼን ተውኔት ግን ከእኛ በቀር የሚያውቀው የለም። ድምፅ ተሰጠ፤ ስምንት ለጋሼ ተውኔት፣ አምስት ለድርጅቱ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ። ጋሼ ራሳቸው ለድርጅቱ ነበር ድምፅ የሰጡት። ድርጅቱን ከሌላ ቡድን ጋር አገናኘነው፤ ድራማውንም እነሱ ሠሩት። ጥቅምት ላይ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ደህና አድርገው ነው የሠሩት።

ገንዘብ ያዣችንም ለድርጅቱ ከመረጡት አንዱ ነበር። ተሸንፎም አላኮረፈም። ለኅዳሩ ተውኔት ከሁላችንም በላይ ትኬት የሸጠው እሱ ነው።

የጋሼን ዓይን ካወቀ በኋላ አዘጋጃችን የተውኔቱን እንቅስቃሴ ለወጠው። ግላኮማ ከዳር ነው የሚጀምረው፤ የመሐሉ እይታ ቆይቶ ነው የሚነካው። በጥናት ወቅት አንድ ሰው ከግራ ወይም ከቀኝ ሲገባ ጋሼ፣ "አሁን ማን ገባ?" ብለው ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ አናጺው የሠራው በር ከመድረኩ ዳር ተነሥቶ መሐል ላይ ተተከለ። ሁሉም በእሱ ገባ፣ በእሱ ወጣ። የሚገርመው ይህ ለጋሼ ሲባል የተደረገ ነገር ተውኔቱን አሻለው። ታሪኩ የበር ታሪክ ነውና ሕዝቡም ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም።

ኅዳር 7 ቅዳሜ 143 ሰው መጣ፤ እሁድ 187። ጋሼ ሁለቱንም ምሽት ከፊት ረድፍ፣ ከበሩ ትይዩ ተቀመጡ። ምን ያህል እንዳዩ አልጠየቅኳቸውም። ትንሹ ወንድም በሩን ከፍቶ መግባትም መውጣትም አቅቶት በቆመበት ቦታ ላይ ግን ከማንም በፊት የሳቁት እሳቸው ነበሩ።

ሒሳቡንም አልደብቃችሁም፤ ዕቅድ ያለ ሒሳብ ምኞት ነውና። ትኬቱ 50 ብር ነበር። በሁለቱ ምሽት 16,500 ብር ገባ። ለአዳራሽ 8,000፣ ለመብራትና ለድምፅ ኪራይ 7,000፣ ለልብስና ለበሩ 5,000፣ ለማስታወቂያ ወረቀት 3,000፣ ለትራንስፖርትና ለሻይ 4,000፣ በድምሩ 27,000 ብር ወጣ። 10,500 ብር ከሰርን። ሚያዝያ 23 እና 27 ደግሞ ኮሜዲውን 376 ሰው አየው፤ 18,800 ብር ገባ፣ 21,000 ወጣ። የሸፈነን የአባላት መዋጮ ነው፤ በወር 100 ብር፣ 14 ሰው፣ በዓመት 16,800 ብር። ዓመቱ ሲያልቅ ሳጥኑ ውስጥ 4,100 ብር ቀረ። መብራት አሁንም እንከራያለን። ገንዘብ ያዣችን ይህን በየስብሰባው ያስታውሰናል፤ እውነቱን ነው። የተውነው ብር እውነተኛ ብር ነበር።

እህታችን በሚያዝያው ኮሜዲ ስታሳይ አብረዋት የሚሠሩ ሴቶች ሁለት ረድፍ ሞልተው መጡ። የሠራተኞች ቀን በመሆኑ ሁሉም እረፍት ላይ ነበሩ። የባጃጅ ሹፌራችን ነሐሴ ላይ የከበባት ቀን ዋጋዋ ያኔ ታየ።

ይህ መጽሔት እጃችሁ ሲገባ ዓመቱ ሊለወጥ ጥቂት ቀርቶት ይሆናል። በየኅብረታችሁ የ2018ን ዕቅድ ልታወጡ ትቀመጡ ይሆናል፤ ድራማ ይሁን፣ መዝሙር ይሁን፣ የችግረኛ ቤት ጥገና ይሁን። ከልምዳችን ጥቂት ልምከራችሁ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ አጀንዳ ውስጥ የተጻፈ ዕቅድ የጸሐፊው ብቻ ነው። የማይሆኑትን ቀናት አስቀድማችሁ ሰርዙ፤ የራሳችሁን በዓል ብቻ ሳይሆን የጎረቤታችሁንም። የምትወዱትን ሥራ ከመጻፋችሁ በፊት የሰዎቹን ስም ጻፉ፤ ከስሙ አጠገብ ሰዓታቸውን። የሚፈለገውን ሰዓት ቁጠሩ፤ ከተረፈ ጨምሩ፣ ካልተረፈ ቀንሱ። ከአራት ያለቁ ሁለት ይሻላሉ። የሌላ ሰው ጽሑፍ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ። ብር ይዞ የሚመጣ ካለ በክብር ተቀበሉት፤ ከመስማማታችሁ በፊት ግን ቀኑ በማን ቀን ላይ እንደሚወድቅ እዩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ሰው፣ "የእኔ ይቆይ" ሲላችሁ አመስግናችሁ አትለፉት። ለምን እንደሆነ ጠይቁት። በስብሰባ መሐል ካልመለሰላችሁ ወደ ቤት ስትሄዱ አብራችሁት ሂዱ። አንዳንድ ሰው ምክንያቱን የሚናገረው መንገድ ላይ ነው።

ለ2018 "ያላቻ ጋብቻ"ን በእርሳስ ጽፈነዋል፤ ፈቃዱ ሲመጣ በእስክሪብቶ እናደርገዋለን። ጋሼ አዲስ ጽሑፍ ጀምረዋል። አሁን እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ነኝ የምተይበው፤ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ። ስለ ፊደል መጠን መነጋገር ትተናል፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ያርማሉ። ግድግዳችን ላይ ባለው ወረቀት መጀመሪያ የተጻፉት እነዚህ ሁለት ምሽቶች ናቸው።